ሳይካትሪ፣ ሳይኮሎጂ ወይስ ሶሻል ወርክ? የአእምሮና የማኅበራዊ ጤና ትምህርት ለምታስቡ የቆላ ድባ ልጆች

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሱን ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። «የአእምሮ ጤና መማር እፈልጋለሁ፣ ምን ልሙላ?» «ሳይካትሪና ሳይኮሎጂ አንድ አይደሉም እንዴ?» «ሶሻል ወርክ ብማር ሥራ አገኛለሁ ወይስ ቤት ነው የምቀመጠው?»

እስካሁን ለየብቻ ስንመልስ ቆይተናል። አሁን ግን ጥያቄው በዛ፤ ስለዚህ ሁሉንም እዚህ ሰብስበነዋል። ትንሽ ረዘም ይላል። ግን አራት ዓመት የምትማሩትን፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ የምትሠሩትን ነገር ለመምረጥ አንድ ሩብ ሰዓት ማንበብ አይከብድም። ሴቭ አድርጋችሁ ከቤተሰብ ጋር ብታነቡት ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

አጭሩ መልስ

በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች «የአእምሮና የማኅበራዊ ጤና አገልግሎት» በሚል ስም የሚሰጥ ዲግሪ ልታገኙ ትችላላችሁ። እኛ አገር ግን ይኼ ሥራ በዋናነት በሦስት ዲፓርትመንቶች ተከፋፍሏል፦ ሳይካትሪ፣ ሳይኮሎጂ እና ሶሻል ወርክ። ደስ የሚለው ሦስቱም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሉ። ማለትም ከቆላ ድባ አርባ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው።

የሚያሳስበው ደግሞ ብዙ ልጅ ሦስቱን ሳይለይ መሙላቱ ነው። ሐኪም ቤት ውስጥ በሽተኛ ማከም የፈለገ ልጅ ሳይኮሎጂ ገብቶ ሦስተኛ ዓመት ላይ «ለካ መድኃኒት ማዘዝ አልችልም» ይላል። ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት የሚወድ ልጅ ሳይካትሪ ገብቶ በአናቶሚና በፋርማኮሎጂ ይጨነቃል። ስሙ ስለሚመሳሰል ብቻ የሚባክን ዓመት ያሳዝናል።

ስለዚህ የእኛ ምክር አንድ ነው። ስሙን ትታችሁ ሥራውን እዩ። የታመመው ሰው ፊት ስትቆሙ እጃችሁ ምን እንዲሠራ ነው የምትፈልጉት?

ይኼን በምሳሌ እንየው።

አንድ ቤት እናስብ

ሰውየውን እኛ ነን የፈጠርነው። ግን ታሪኩን ስታነቡ ከሰፈራችሁ አንድ ሰው ትዝ ቢላችሁ አይግረማችሁ።

በደምቢያ አንድ ቀበሌ ውስጥ የ21 ዓመት ልጅ አለ። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ቀስ በቀስ እንቅልፍ አጣ። ከጓደኞቹ ራቀ። ብቻውን ማውራት ጀመረ። እናቱ ያቀረበችለትን እንጀራ «መርዝ አለበት» ብሎ መለሰ። ጎረቤት «ለክፎት ነው» አለ። ሌላው «ቡዳ በልቶት ነው» አለ። አጎቱ «ጫት ነው ያበላሸው» ብሎ ፈረደ።

ቤተሰቡ ጸበል ወሰደው፤ ሁለት ወር ተቀመጠ። አንዳንድ ቀን እንዳይጠፋ እጁ ታሰረ። ለውጥ ሲጠፋ በሬ ተሸጦ ጎንደር ሆስፒታል ሄደ። እዚያ መድኃኒት ተጀመረለት። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተረጋጋ፣ ተኛ፣ በላ። «ተመስገን፣ ዳነ» ተባለና ወደ ቤት ተመለሰ።

ከዚያስ? መድኃኒቱ አለቀ። ወቅቱ የአጨዳ ነበር፤ ጎንደር የሚወስደው ሰው ጠፋ። ለትራንስፖርትም ብር አልነበረም። ደግሞም «ድኗል፣ ምን ያደርግለታል?» የሚል ሐሳብ መጣ። አቋረጠ። ከወራት በኋላ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። አሁን ሁለተኛ በሬ የለም።

ይኼ ልጅ የተሰበረው የት ላይ እንደሆነ ልብ በሉ። ሆስፒታሉ አክሞታል። ቤተሰቡም የሚችለውን አድርጓል። የተሰበረው በሆስፒታሉና በቤቱ መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው። ሦስቱን ሙያዎች እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ እናስቀምጣቸው።

በር አንድ፦ ሳይካትሪ

ይኼ የጤና ሙያ ነው። ልጁ ሆስፒታል ሲደርስ የሚቀበለው፣ የሚጠይቀው፣ ሕመሙን የሚለየውና ሕክምናውን የሚጀምረው የሳይካትሪ ባለሙያ ነው። በብዙ የክልል ሆስፒታሎች ስፔሻሊስት የአእምሮ ሐኪም ስለሌለ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን የሚያንቀሳቅሱት በዲግሪ የተመረቁ የሳይካትሪ ነርሶችና ባለሙያዎች ናቸው። መድኃኒት ያዛሉ፣ ቀጠሮ ይሰጣሉ፣ ሲከብድ ሪፈር ይጽፋሉ።

እዚህ ላይ ሦስት የሚምታቱ ስሞችን እንለይ። «ሳይካትሪስት» ማለት መጀመሪያ ሕክምና (ሜዲስን) ተምሮ ዶክተር የሆነ፣ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሰው ነው። የሳይካትሪ ባችለር ዲግሪ ያለው ባለሙያ ደግሞ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ የወጣ ነው። «ሳይኮሎጂስት» ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

ለመግባት ናቹራል ሳይንስ መሆን አለባችሁ። ትምህርቱ ውስጥ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ፣ ነርሲንግ አለ። ከዚያ ሳይኮሲስ፣ ድብርት፣ ባይፖላር፣ ሱስ፣ የልጆች አእምሮ ጤና ይመጣል። ሆስፒታል ውስጥ ረጅም የልምምድ ጊዜ አለ። ሌሊት ተረኛ መሆንም አለ።

ብዙ ተማሪ የማይጠብቀው አንድ ነገር እንንገራችሁ። አገራችን ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች የሚታከሙት በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። ስለዚህ የሳይካትሪ ባለሙያ በር ላይ ከሚሰለፈው ሰው ብዙው «የአእምሮ ሕመም» የሚባለው ላይሆን ይችላል። በእሳት ዳር ወድቃ የተቃጠለች እናት፣ ትምህርት ቤት ወድቆ ያፈረ ልጅ ሊሆን ይችላል። የሚጥል በሽታ በርካሽና በቆየ መድኃኒት ሊቆጣጠሩት የሚቻል ሕመም ነው። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ከተወሰደ ብዙ ሰው መውደቁን ያቆማል። ይኼን ማየት ብቻውን ሙያውን የሚያስወድድ ነገር ነው።

በር ሁለት፦ ሳይኮሎጂ

ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም። የሚሠራው በንግግር፣ በምዘናና በምክር ነው። የእኛ ልጅ ከተረጋጋ በኋላ «ምን ሆኜ ነበር? አብጄ ነበር ማለት ነው? ከእንግዲህ ማን ያገባኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ይኼን ጥያቄ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል። በተለይ ድብርትና ጭንቀት ላይ፣ ከአስፈሪ ነገር በኋላ በሚመጣ ሕመም ላይ፣ ሥርዓት ያለው የንግግር ሕክምና ትልቅ ቦታ አለው።

ግን በግልጽ እንነጋገር። የባችለር ዲግሪ በሳይኮሎጂ ሰፊ መሠረት ነው የሚሰጣችሁ፤ ስለ ልጅ እድገት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ስብዕና፣ ስለ ጥናት ዘዴና ስታቲስቲክስ። በዚህ ዲግሪ ብቻ የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት አትሆኑም። ለዚያ ማስተርስ ያስፈልጋል። ባችለር ይዘው የሚወጡ ልጆች በብዛት የሚሠሩት ትምህርት ቤት ውስጥ በምክር አገልግሎት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሰው ሀብት፣ በሕፃናት ማሳደጊያና በረድኤት ድርጅቶች ነው።

ስለዚህ ሳይኮሎጂን የምትመርጡ ከሆነ የአራት ሳይሆን የስድስት ዓመት ዕቅድ ይዛችሁ ግቡ። «ባችለሩን ይዤ እወጣለሁ፣ ሁለት ዓመት እሠራለሁ፣ ከዚያ ክሊኒካል እቀጥላለሁ» ያለ ልጅ አይከፋም። «ዲግሪውን ይዤ የራሴን ክሊኒክ እከፍታለሁ» ያለ ልጅ ግን ይከፋል።

በር ሦስት፦ ሶሻል ወርክ

ይኼ በአገራችን ብዙ ሰው ያልተረዳው ሙያ ነው። «ምንድነው የምትማረው?» ሲባል ተማሪው ራሱ ለማስረዳት ይቸገራል። ወደ ልጃችን ቤት እንመለስ።

ልጁ መድኃኒት ያቋረጠው በሦስት ምክንያት ነው፦ ብር አልነበረም፣ የሚወስደው ሰው አልነበረም፣ ቤተሰቡም ሕመሙን አልተረዳም። ሦስቱም በክኒን አይፈቱም። የሶሻል ወርክ ባለሙያ ሥራ እዚህ ይጀምራል። ቤቱ ድረስ ይሄዳል። የጤና መድኅን አባል መሆናቸውን ያጣራል። ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ተነጋግሮ መድኃኒቱ ሲያልቅ የሚያስታውስ ሰው ይመድባል። እድሩን ያነጋግራል። እናቱ ለብቻዋ እንዳትደክም ከወንድሙ ጋር ይመክራል። ልጁ ወደ ትምህርት ወይም ወደ ሥራ የሚመለስበትን መንገድ ይፈልጋል። ታስሮ ከሆነ፣ ተደብድቦ ከሆነ መብቱን ያስጠብቃል።

ከሶሻል ሳይንስ የመጣችሁ ልጆች ሁለቱ በሮች፣ ማለትም ሳይኮሎጂና ሶሻል ወርክ፣ ክፍት ናቸው። ሶሻል ወርክ ውስጥ ማኅበረሰብን ማንቀሳቀስ፣ የግለሰብ ጉዳይ መያዝ፣ የሕፃናት ጥበቃ፣ ፖሊሲና ሕግ ትማራላችሁ። ትልቁ ነገር ግን የመስክ ልምምዱ ነው። ቢሮ፣ ሆስፒታል፣ ማረሚያ ቤት፣ ማሳደጊያ ትመደባላችሁ። መስኩን እንደ «የግዴታ ወረቀት» ቆጥሮ ያለፈ ተማሪ ዲግሪውን ግማሽ ነው የተማረው።

ይኼ ሙያ አዲስም አይደለም። በአዲስ አበባ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በፈረንጆቹ 1959 ነው። ደርግ ሲመጣ ተዘጋ። እንደገና የተከፈተው በ2004 ነው፤ እሱም በማስተርስ ጀምሮ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሙያው አስተማሪም ተማሪም አልነበረውም ማለት ነው። ዛሬ «ሶሻል ወርክ ምንድነው?» የሚለው ሰው መብዛቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ይኼ ነገር ለቆላ ድባ እንግዳ አይደለም

አሁን አንድ የማታውቁት ሊሆን የሚችል ታሪክ። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጀመሪያ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኼ የእኛ አካባቢ መከራ ነበር። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አብሮ ማሠልጠን ያዘ። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ይላኩ ነበር፤ የቆላ ድባ ጤና ጣቢያም ከመለማመጃ ጣቢያዎቹ አንዱ ሆነ። ያ ኮሌጅ ነው ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው።

ሐሳቡን አስተውሉ። ነርሷ ብቻዋን አልተላከችም፤ መኮንኑም ብቻውን አልተላከም። አንዱ ያክማል፣ አንዷ ቤት ለቤት ትሄዳለች፣ አንዱ ውኃውን ያጸዳል። ወባን በሐኪም ብቻ ማሸነፍ እንደማይቻል ያኔ ገብቷቸው ነበር። የአእምሮ ሕመምም እንደዚሁ ነው። አንድ ሰው ያክማል፣ አንዱ ያወያያል፣ አንዱ ቤቱን ከሆስፒታሉ ያገናኛል። አባቶቻችን ለወባ የተጠቀሙበት ዘዴ ለልጆቻችን አእምሮም የሚሠራ ነው።

አገሪቱ ከየት ተነሣች?

ለብዙ አሥርት ዓመታት የአእምሮ ሕክምና ማለት አማኑኤል ማለት ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ሆስፒታል። ከጎንደር የታመመ ሰው እስከዚያ ድረስ በአውቶቡስ ይወሰድ ነበር። በፈረንጆቹ 2003 በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ በፊት ሳይካትሪስት ለመሆን ውጭ መሄድ ግድ ነበር፤ ከሄዱትም ያልተመለሱ ብዙ ናቸው።

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በፈረንጆቹ 2012 ባወጣው የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ላይ፣ ሕመሙ ከጸናባቸው ሰዎች የሚያስፈልጋቸውን ሕክምና የሚያገኙት ከዐሥር አንድ እንኳ እንደማይሞሉ ገልጾ ነበር። እስቲ አስቡት። እግሩ ከተሰበረ ዐሥር ሰው ዘጠኙ ሕክምና ባያገኝ አገር ይጮህ ነበር።

መልካም ዜናም አለ፤ ለዚህ ጽሑፍ ደግሞ ዋናው እሱ ነው። በጉራጌ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ሁለት ነገር ሞከሩ። መጀመሪያ፣ ተራ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሠልጥነው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሲከታተሉ ውጤቱ በሳይካትሪ ነርስ ከሚሰጠው ሕክምና እንደማያንስ ታየ። ሁለተኛ፣ ለጥቂት ሳምንታት የሠለጠኑ የአካባቢው ልጆች ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ሲደግፉ፣ ቤተሰቡን ሲያስረዱ፣ ወደ ሥራ ሲመልሱ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ እነዚያ ሰዎች ሕክምና ብቻ ካገኙት የተሻለ የዕለት ኑሯቸውን መምራት ችለዋል።

ይኼ ማለት መድኃኒቱ ያስፈልጋል፤ ቤት ድረስ የሚሄድ ሰው ደግሞ ልዩነት ያመጣል ማለት ነው። የተሞከረውም አውሮፓ ሳይሆን እዚሁ፣ እንደኛው ባለ የገጠር ወረዳ ነው።

ጸበልስ?

ይኼን ሳናነሣ ብናልፍ እናንተም አታምኑንም። በእኛ አካባቢ የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ጸበል ነው። ይኼን ሙያ ተምሮ መጥቶ «ጸበል ተዉ» የሚል ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰሚ ያጣል። ማጣትም አለበት፤ የሰውን እምነት የናቀ ሰው በሽተኛውንም አያገኘውም።

መንገዱ ሁለቱን አለማጋጨት ነው። በፈረንጆቹ 2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ ሊወሰድ እንደሚችል በይፋ ተናግረው ነበር። ያኔ ስንት ሰው መድኃኒቱን ጥሎ ይሞት እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ለአእምሮ ሕመምም ተመሳሳይ ንግግር ያስፈልጋል። ከጸበሉ አስተናጋጅ ጋር ቡና ጠጥቶ «አባቴ፣ ክኒኑንም ይዋጥ፣ አይታሰርም» ብሎ የሚያግባባ የሰፈር ልጅ ያስፈልጋል። ይኼን ከሌላ አገር የመጣ ባለሙያ አይችለውም። እናንተ ግን ትችላላችሁ፤ ቋንቋውንም ወጉንም ታውቁታላችሁ።

ለምን አሁን?

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን ያሳለፈውን እኛ ለእናንተ አንነግራችሁም። የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ እዚሁ ክልል ውስጥ የቀጠለው ግጭት፣ የተፈናቀለው፣ የታገተው፣ የሞተው። በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በግጭት አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ አንድ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በአጠቃላይ በዓለም የነበረው በፈረንጆቹ 2019 ከስምንት አንድ ነበር።

ከአምስት አንድ ማለት በአንድ የክፍል ዴስክ ሦስት ልጅ ቢቀመጥ በየሁለት ዴስኩ ቢያንስ አንድ ማለት ነው። ይኼ ሁሉ ሰው ሆስፒታል መግባት አያስፈልገውም። ብዙው ጸጥታ፣ እንቅልፍ፣ የሚሰማው ሰውና ጊዜ ካገኘ ይመለሳል። ጥቂቱ ግን ባለሙያ ይፈልጋል። ማን ምን እንደሚያስፈልገው የሚለየው ደግሞ የተማረ ሰው ነው።

ሥራስ አለው? እውነቱን እናውራ

ችግር አለ ማለት የሥራ ቅጥር አለ ማለት አይደለም። ይኼን ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

1. ሳይካትሪ፦ ከሦስቱ በተሻለ ሁኔታ ቀጥታ የመንግሥት ቅጥር ያለው ነው፤ ሆስፒታሎች ይፈልጋሉ። ግን በጀት ከሌለ መደብ አይከፈትም። የጤና ባለሙያ ደመወዝ ጉዳይ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሥራ እስከ ማቆም የደረሰ ጥያቄ እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

2. ሳይኮሎጂ፦ መደቡ ሰፊ ነው፣ ውድድሩም ሰፊ ነው። በባችለር ብቻ «አእምሮ ጤና» ላይ የመሥራት ዕድል ጠባብ ነው።

3. ሶሻል ወርክ፦ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች፣ ፍርድ ቤቶች፣ ረድኤት ድርጅቶች ይቀጥራሉ። ዳባት አካባቢ እንዳለው አለምዋጭ ዓይነት የስደተኛ ጣቢያ ያለበትና ተፈናቃይ የበዛበት ቦታ የማኅበራዊና ሥነ ልቦና ድጋፍ ሠራተኛ ይፈለጋል። ችግሩ የረድኤት ቅጥር በኮንትራት ነው። በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቆም በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ሥራቸውን አጥተዋል። ሙሉ ተስፋችሁን በኤንጂኦ ላይ አትጣሉ።

ለመግባት ምን ያስፈልጋል?

• የ12ኛ ክፍል ፈተና፦ 50 በመቶና ከዚያ በላይ። ቀላል አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ያለፈው 5.4 በመቶ ነበር። ያላለፉ ግን የተቀመጠውን ነጥብ ያሟሉ በሪሚዲያል የሚገቡበት መንገድ አለ።

• ፍሬሽማን ዓመት፦ ገና ዲፓርትመንት ሳትመርጡ የጋራ ኮርሶች ትወስዳላችሁ። ጄኔራል ሳይኮሎጂ ከነዚህ አንዱ ነው። ይኼን ኮርስ እንደ ሙከራ ቁጠሩት፦ ካሰለቻችሁ ሳይኮሎጂ አትሙሉ።

• የዲፓርትመንት ምደባ፦ በምርጫችሁና በውጤታችሁ ነው። የፍሬሽማን ውጤት ከጠበቃችሁት በላይ ይወስናል። በየዓመቱ የትኞቹ ዲፓርትመንቶች ተማሪ እንደሚቀበሉ ከሬጅስትራር አጣሩ።

• የመውጫ ፈተና፦ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም ተመራቂ ይፈተናል። 50 ካልመጣ ዲግሪ የለም። የጤና ሙያ ከሆነ ደግሞ ለመሥራት የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ተጠንቀቁ

ቴሌግራም ላይ «በሁለት ሳምንት የሳይኮቴራፒስት ሰርተፊኬት» የሚል ማስታወቂያ አይታችኋል። በሁለት ሳምንት ማንም ቴራፒስት አይሆንም። አጫጭር ሥልጠና መጥፎ አይደለም፤ መጥፎው በእሱ ሰው ማከም ነው። የተጎዳን ሰው ቁስል ከፍቶ መዝጋት ያልቻለ ሰው ጉዳቱን ያባብሳል።

የግል ኮሌጅ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁ ብቻ ሳይሆን ያ ዲፓርትመንት፣ በዚያ ካምፓስ፣ ዕውቅና እንዳለው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ አጣሩ። «ዕውቅናው በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ «የለም» ማለት ነው። የውጭ አገር የኦንላይን ዲግሪም አቻ ግምት እንደሚያገኝ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከመሙላታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ

1. ደም፣ መርፌ፣ የሌሊት ተረኛ ይከብደኛል? ከከበዳችሁ ሳይካትሪን ደግማችሁ አስቡ።

2. አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ሲያወራ ሳላቋርጥ፣ ስልኬን ሳልነካ መስማት እችላለሁ? ካልቻላችሁ ሳይኮሎጂ ይከብዳችኋል። ሥልጠና ያሻሽለዋል፤ ግን ጀማሪው ፍላጎት ከእናንተ ይመጣል።

3. ከቢሮ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ቤት ስዞር፣ «ነገ ና» ስባል ሳልሰለች መመለስ እችላለሁ? ሶሻል ወርክ በአብዛኛው ይኼ ነው።

4. ይኼን የምመርጠው የራሴን ቁስል ለማከም ነው? ይኼ ነውር አይደለም፤ ብዙ ጥሩ ባለሙያ በዚህ በኩል መጥቷል። ግን ዲግሪው ሕክምና አይደለም። እናንተም ወይም ወንድማችሁ አሁን የምትቸገሩ ከሆነ አራት ዓመት አትጠብቁ። ዛሬ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ የሚመጣባችሁ ከሆነ ለምታምኑት አንድ ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ።

ለወላጆች አንድ ቃል

«ልጄ የዕብድ ሐኪም ሊሆን ነው እንዴ?» የሚሉ አባቶች እንዳሉ እናውቃለን። አባባ፣ ልጅዎ የሚማረው ያ የጎረቤትዎ ልጅ ዳግመኛ እንዳይታሰር የሚያደርግ ሙያ ነው። የወባ ሐኪም ሲመጣ የደምቢያ ሰው አመስግኖ ተቀብሏል። ይኼም እንደዚያ ነው።

ወደ ልጃችን እንመለስና እንጨርስ። ሁለተኛ በሬ የለም ብለናል። ግን ቀበሌው ውስጥ መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት በሩን የሚያንኳኳ አንድ የተማረ የሰፈር ልጅ ቢኖር፣ ሁለተኛው በሬ ባልተፈለገም ነበር። ከሦስቱ በሮች የትኛውንም ብትገቡ፣ ተመልሳችሁ ያንን በር ካንኳኳችሁ ምርጫችሁ ትክክል ነበር ማለት ነው።

እነዚህን ዲፓርትመንቶች ተምራችሁ የወጣችሁ ወይም አሁን ጎንደር እየተማራችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ ለታናናሾቻችሁ ኮመንት ላይ ልምዳችሁን አካፍሉ፤ የከበዳችሁንም ጭምር። ዘንድሮ ለሚፈተን ልጅ ደግሞ ሼር አድርጉለት።